ወላጅ ያጣ ልጅ፣ ሐኪም ያጣ ልጅ፦ ከአምባሰል እስከ ባሕር ማዶ የተዘረጋው ጉዲፈቻ

በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ሲያግድ ብዙዎች ጉዳዩ የተዘጋ መስሏቸው ነበር። የተዘጋው ግን የመውጫው በር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ዴንማርክና ሌሎች አገሮች የሄዱትም በሺዎች ይቆጠራሉ። እነዚያ ልጆች አድገዋል። የወለዷቸውም ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ከሄዱት መካከል ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ስላለባቸው «እዚያ ይታከማሉ» ተብለው የተሰጡ አሉ፤ የነርሱ ታሪክ ከጠቅላላው ክርክር ተለይቶ ሲመረመር እምብዛም አይታይም።

ይህ ዳሰሳ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ወደ ባዕድ አገር በጉዲፈቻ ከሄደ በኋላ በሁለቱም ወገን ያለው ቤተሰብ ኑሮ ምን ሆነ? በሩ ከተዘጋ በኋላስ እንዲህ ያለው ልጅ ማን ቤት ይደግ? መነሻችን በወሎ ያሉት ሐይቅና አምባሰል ናቸው። ወሎ በሁለቱ ታላላቅ ረሃቦች የወላጅ አልባ ሕፃናትን ጥያቄ ለአገሪቱ በግድ ያቀረበ ምድር ነው፤ ኋላ እንደምናየው መልሱን ለመሞከርም ከቀደሙት አካባቢዎች አንዱ ሆኗል።

ቤት መለወጥና ዘመድ መለወጥ

ልጅን ሌላ ቤት ማሳደግ በወሎ የቆየ ነገር ነው። ልጅ ያልወለደች አክስት የእኅቷን ልጅ ትወስዳለች፤ አያት የመጀመሪያ የልጅ ልጇን ከጡት እንደወረደ ታስቀራለች። ማር የተቀባ ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግም በአማራው አገር የታወቀ ውል ነበር። በሙስሊሙ ዘንድ የቲም (ወላጅ አልባ ልጅ) ማሳደግ ታላቅ አጅር (ምንዳ) አለው፤ ሸሪዓው ግን የልጁ ነሰብ (የትውልድ ሐረግ) እንዳይለወጥ፣ በወላጅ አባቱ ስም እንዲጠራ ያዝዛል። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ስለሚገኙ እነዚህ ሁለት ልማዶች በአንድ ግቢ ሲገናኙ ማየት እንግዳ አይደለም። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደጅ ያደረ የቆሎ ተማሪም ሆነ በሼህ ቤት የተቀመጠ ደረሳ ከእናቱ ጓዳ ውጭ፣ በሌላ ሰው እህል ያደገ ልጅ ነው።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ ባሕርይ ልጁ ቤት ይለውጣል እንጂ ዘመድ አለመለወጡ ነው። ይህን ስንል ማሳመር አይገባም። ዘመድ ቤት ተልካ ውኃ ስትቀዳና ሕፃን ስታዝል ትምህርት ያመለጣት ልጅ በየሰፈሩ አለች። የታመመ ልጅ ደግሞ ለማደጎ የሚመረጥ አልነበረም፤ ጠበል ይወሰዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል፣ ካልተሻለውም እዚያው እናቱ ጉያ ይቀራል።

ዘመናዊው ሕግ ይህን የልማድ መንፈስ ይዞ ተጻፈ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በምዕራፍ ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 ደግሞ በአንቀጽ 183 በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ አስቀመጠ። በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ምርጫ ሲያስፈልግ የአሳዳጊው ይቀድማል፤ የወለደው ግን አይሰረዝም። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በብዙ የምዕራብ አገሮች ያለው ሕግ በአንጻሩ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት አውጥቶ የቀድሞውን ዝምድና ይቆርጣል። ኋላ የመጣው መከራ አብዛኛው የተወለደው በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። አምባሰል ላይ በአውራ ጣቷ የፈረመች እናት ልጇን ለትምህርትና ለሕክምና የላከች መስሏት ነበር፤ ተቀባዩ አገር ያጸደቀው ግን የመጨረሻ ስንብት ነበር።

ከረሃቡ የተረፉት

የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ ገበሬውን ከነቤተሰቡ ወደ ደሴ መንገድ አወጣው፤ በየመንገዱ የቀሩትን ሕፃናት የሚሰበስብ ማሳደጊያ ያኔ አስፈለገ። ደርግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሕፃናት ኮሚሽንን አቋቋመ። የ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ባቲንና ኮረምን ለዓለም አሳየ፤ የውጭ ድርጅቶች ገቡ፤ ማሳደጊያዎችም በዙ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አምባሰል ልዩ ቦታ አላት። በ1972 ዓ.ም. ገደማ አበበች ጎበና አምባሰል ውስጥ ወዳለችው ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ በመንገድ የረሃብ ተጎጂዎችን አገኙ፤ እናቷ ሞታ ከሬሳው አጠገብ የተገኘች ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ቤታቸው ከ20 በላይ ልጆች ነበሩበት። ባላቸው ልጆቹን ወይም ትዳሩን እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው ልጆቹን መረጡ። ወይዘሮ አበበች በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስ ያቆዩት የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት የተጀመረው ከዚያ ከግሸን መንገድ ነው። ለጥያቄያችን ይህ ታሪክ የሚጠቅመው ቸርነትን ለማሳየት ብቻ አይደለም። ወላጁ የሞተበትን ልጅ ወላጁ ከተራበበት ልጅ ለይቶ ማየት የሚያስፈልገው ከዚህ ቦታ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ቤተሰብ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ቤተሰብ አለው፤ የጎደለው እህል ነው። ማሳደጊያዎች ሁለቱንም በአንድ ደጅ አስገቡ።

ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ጃሪ ላይ የተሠራው የሕፃናት መንደር የዚያ ዘመን ልጅ ነው። አንድ የስዊዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከረሃቡ በኋላ ያቋቋመውና ያስተዳደረው ይህ መንደር ብዙ ልጆችን አብልቷል፣ አስተምሯል። ኋላ ግን የተቋሙ የውጭ ዜጋ ኃላፊ በሕፃናቱ ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። ስለ ጉዲፈቻ ሲከራከሩ ተቋምን እንደ ገለልተኛ መጠለያ፣ ጉዲፈቻን ብቻ እንደ አደጋ ማየት ስሕተት መሆኑን ወሎ በራሷ ልጆች ዋጋ ተምራዋለች።

ሕመም የጉዲፈቻ ምክንያት ሲሆን

በ1990ዎቹ ኤች.አይ.ቪ ወላጆችን እየቀጠፈ በመጣበት ጊዜ የውጭ አገር ጉዲፈቻ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች መቶ አይሞሉም ነበር፤ በ2010 ቁጥሩ 2,500 ያህል ደረሰ። በዚያው ጊዜ ወደ ሁሉም አገሮች በዓመት የሚሄዱት ከ4,000 በላይ ሆነው ኢትዮጵያ ከዓለም ዋነኛ ላኪዎች ተርታ ገባች። አንጀሊና ጆሊ በ1997 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሕፃን መውሰዷ ለወሬው ክንፍ ሰጠው። ያ ጉዳይ ራሱ የዘመኑ ናሙና ነው፦ ሕፃኗ አሜሪካ እንደደረሰች ሆስፒታል ገባች፤ እናቷ በኤድስ ሞታለች ተብሎ ሲወራ ቆይቶ በሕይወት መኖሯ ተገለጠ።

አንድ ጉዲፈቻ ለአሳዳጊው ከ20,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ገንዘቡ በጉዲፈቻው ሰንሰለት ውስጥ ደላላ፣ ማሳደጊያና ወረቀት አዘጋጅ ፈጠረ። በአሜሪካ የአንድ ጉዲፈቻ አስፈጻሚ ድርጅት ሰዎች በኢትዮጵያ ሰነድ አጭበርብረዋል ተብለው እ.ኤ.አ. በ2014 ተከስሰው ጥፋታቸውን አምነዋል። መንግሥትም አስቀድሞ፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም.፣ በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 አወረደው። በሚያዝያ 2009 አገደው፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሕግ አደረገው።

«ልዩ ፍላጎት» የሚለው መዝገብ በዚህ ገበያ መሀል ተከፈተ። በመዝገቡ ውስጥ ኤች.አይ.ቪ በደሙ ያለበት፣ የጉበት ቫይረስ የተገኘበት፣ ከንፈሩ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ፣ ልቡ የታመመ ልጅ ይሰፍራል። ዕድሜው ከፍ ያለና ከወንድምና እኅቱ መለየት የሌለበት ልጅም ብዙ ጊዜ በዚሁ መዝገብ ይቆጠር ነበር፤ ማለትም ጤነኛ ሆኖ አሳዳጊ ያላገኘውና የታመመው በአንድ ስም ተጠሩ። አሜሪካ ኤች.አይ.ቪ ያለባቸው የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ የጣለችውን ክልከላ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ስታነሣ፣ ቀድሞ በልዩ ፈቃድ ብቻ ይገቡ ለነበሩ እንዲህ ላሉ ልጆች መንገዱ ቀለለ።

ለጉዲፈቻው የሚቆሙት ወገኖች የሚያነሡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ለሕፃናት የሚሆነው ቅንብር ወደ ወረዳ እስኪወርድ ደግሞ ጊዜ ወስዷል። በዚያ ክፍተት የሄደ ልጅ ሕይወቱን በመሄዱ አግኝቶ ይሆናል፤ ይህን መካድ ለልጁ አለመታመን ነው። ነገር ግን ያው መድኃኒት ሌላውን ወገንም ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም ቫይረሱ በደማቸው ስላለ በቅርቡ እንሞታለን ብለው ሁለት ልጆቻቸውን የሰጡ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስትን ተከትሏል። ወላጆቹ መድኃኒት ጀምረው ኖሩ። ትልቋ ልጅ ግን በአሳዳጊዎቿ ቤት ሳትለምድ ቀርታ ዴንማርክ ውስጥ ወደ ተቋም ተላከች። ለዚህ ቤተሰብ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሆኖ ሳለ የቀረበለት ጉዲፈቻ ነበር።

የትኛው ሕመም?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደናቀፈው «የታመመ ልጅ» ተብሎ በጅምላ ሲነገር ነው። እኔ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፍላጎት ለይቶ ማየት ይገባል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው በአጭር ጊዜ ሕክምና የሚድነው ነው። ሲወለድ የዞረ እግር በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቀናል፤ ከዚያ እስከ አራት ዓመት ገደማ በአብዛኛው ሌሊት የሚደረግ ድጋፍ ጫማ ይበቃዋል። የከንፈር መሰንጠቅም ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለቱም በአገር ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በነፃ ይሰጣሉ። ለስምንት ሳምንት ጀሶ የዕድሜ ልክ ዝምድና መቁረጥ በየትኛውም ሚዛን አይመዘንም። እንዲህ ያለው ልጅ የጎደለው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ አዲስ አበባ ወይም ደሴ የሚያርፍበት ቤትና «ይድናል» የሚል ሰው ነው።

ኤች.አይ.ቪ፣ የሚጥል በሽታና በልጅነት የሚጀምር ስኳር ሌላ ዓይነት ናቸው። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከክኒኑ በላይ የሚያስፈልገው ክኒኑን ሳያቋርጥ የሚሰጥ ሰው ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብና ሕክምና አይነጣጠሉም። አያቷ ማንበብ የማትችል፣ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነባት ልጅ ከተማ ካለች ልጅ እኩል ዕድል የላትም። የልብ ሕመም በመሀል ይወድቃል፦ አንድ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፣ ከዚያ ክትትል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅት ልጆችን ለዓመታት ለሕክምና ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቶ በጥር 2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከፈተ። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ። ድርጅቱ ልጆችን ውጭ ሲልክ በነበረበት ጊዜ ታክመው ወደ ወላጆቻቸው ይመለሱ እንደነበር ልብ ይሏል፤ ልጅ ለሕክምና ባሕር መሻገሩና ወላጅ መቀየሩ ተለያይተው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በመጨረሻ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ኦቲዝም፣ ከባድ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት አሉ። ለእነዚህ የሚያድን ቀዶ ሕክምና የለም፤ ያለው ዕድሜ ልክ መደገፍ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል መንገድ ጠራጊ ነው፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ነው፣ ከሐይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሁሉም ይልቅ ቤተሰብ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ልጆች ናቸው፤ በአገር ውስጥም በውጭም አሳዳጊ የማግኘት ዕድላቸው ግን ጠባብ ነው።

በአሳዳጊዎች ቤት

ልጆቹ በሄዱበት ቤት ስለሚሆነው ነገር ያለው ጥናት ሰፊ ነው፤ አንድ ወጥ መልስ ግን አይሰጥም። በአሜሪካ ከኢትዮጵያ የመጡ 50 ልጆችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የአንጀት ጥገኛ ትሎችና የቆዳ ሕመም በብዛት ሲያገኝ፣ የልጆቹ ዕድገት ከሌሎች አገሮች ተቋማት ከመጡት የተሻለ መሆኑን ዘግቧል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፦ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ልጆች ማሳደጊያ የገቡት ዘግይተው ነው፣ ከዚያ በፊት እናት ወይም አያት ታቅፋቸዋለች። ከሩማንያ ማሳደጊያዎች የወጡ ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያጠናክራሉ። ከስድስት ወር በላይ በተቋም የቆየ ሕፃን ጠባሳው ረጅም ነው፤ በቡካሬስት የተደረገው ሙከራ ደግሞ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ የተዛወሩት ልጆች የተሻለ ትስስር መፍጠራቸውን አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሁለቱም ተከራካሪዎች ይከብዳል። ላይ ላዩን ሲታይ ፈጣን ጉዲፈቻ ለሚፈልጉት ይመቻል፤ እውነተኛው መልስ ግን ልጁ መጀመሪያውኑ ተቋም ባይገባ የሚለው ነው።

በሥነ ልቦና በኩልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት ላይ የወጣ የስዊድን ጥናት ከውጭ የመጡ የጉዲፈቻ ልጆች ራስን ለማጥፋት ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሕዝብ ከ3 እጥፍ በላይ መሆኑን አገኘ። ከ3 ዓመት በኋላ የሆላንድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ ደግሞ ከውጭ የመጡት ልጆች አብዛኞቹ ደህና ሆነው እንደሚያድጉ፣ የጠባይ ችግራቸውም በዚያው አገር በጉዲፈቻ ከተሰጡት ልጆች እንደሚያንስ ዘገቡ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። ብዙኃኑ ደህና ሲሆኑ ጥቂቶቹ በጣም ሊጎዱ ይችላሉ፤ ፖሊሲ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ አንብቦ ነው።

ለታመመ ልጅ አሳዳጊዎች ዋናው ፈተና ብዙ ጊዜ ሕመሙ ራሱ አይሆንም፤ የተሳሳተው ወረቀት ነው። አንድ ምሳሌ ላብራራ። በዴንማርክ የተደረገ ጥናት በጉዲፈቻ ከውጭ የመጡ ሴት ልጆች ያለ ዕድሜ ጉርምስና የመጀመር ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ10 እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል። አንዱ ማብራሪያ ከረሃብ በኋላ የሚመጣ ፈጣን ዕድገት ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ልጅቷ ወረቀቷ ከሚለው ትበልጣለች። የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ገጠር ዕድሜ በግምት ይጻፋል፤ ሕፃን በቶሎ ስለሚወሰድ ዝቅ ማድረጉም ይጠቅም ነበር። እንግዲህ በወረቀት የ7 ዓመት፣ በእውነት የ10 ዓመት የሆነች ልጅ ጡት ስታበቅል ሐኪሙ በሽታ ይፈልጋል፣ ምናልባትም መድኃኒት ይጀምራል። ትምህርት ቤት ከማይመጥኗት ሕፃናት ጋር ትቀመጣለች። «በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም አለ? የሚጥል በሽታስ?» የሚለው ተራ የሐኪም ጥያቄም መልስ የለውም፤ መልሱ ግን አምባሰል፣ ውጫሌ አካባቢ ያለች አክስት ዘንድ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊገኝ ይችላል።

ቤተሰቡ ሲፈርስ የሚሆነውንም መሸሸግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞታ በ2013 ሁለቱም ረጅም እስር ተፈርዶባቸዋል። በዚያው 2013 የሮይተርስ ዜና ወኪል አሳዳጊዎች የሰለቿቸውን ልጆች በኢንተርኔት ለማያውቋቸው ሰዎች እንደሚያስተላልፉ አጋልጧል፤ ከተመረመረው አንድ መድረክ ከቀረቡት ልጆች ቢያንስ 70 በመቶው ከውጭ የመጡ ነበሩ። በሌላ በኩል ሌሊት ሆስፒታል አልጋ ሥር ያደሩ፣ አማርኛ የተማሩ፣ በየዓመቱ ልጃቸውን ይዘው ወሎ የሚመጡ አሳዳጊዎች አሉ። እኔ ያየኋቸው መረጃዎች ልዩነቱን የሚፈጥረው የሕመሙ ክብደት መሆኑን አያሳዩም፤ አሳዳጊው እውነቱን አስቀድሞ ማወቁና ከጉዲፈቻው በኋላ የሚደግፈው ማግኘቱ ይበልጥ ይመዝናል።

በወለዱት ቤት

ስለ ወላጆቹ የተጻፈው በጣም ያንሳል፤ የዚህ መስክ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። አገራችን አሳዳጊዎች ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየጊዜው ሪፖርት እንዲልኩ ታስገድድ ነበር። ሪፖርቱ የሚከተው አዲስ አበባ ነው፤ አምባሰል ላለ ገበሬ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ፋይል ቅርቡ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በኋላ ሪፖርት ያቋረጡም አሉ። እናት በዚያ መሀል ልጇ ታክሞ ይሁን ሞቶ ሳታውቅ ትኖራለች፤ ማልቀስም መጠበቅም አትችልም። የጎረቤት ወሬ ደግሞ ይጨመርበታል፦ ሸጠችው ይላታል አንዱ፣ ዶላር ይመጣላታል ይላል ሌላው።

«ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለው ተነሳሽነት ልጆችንና ወላጆችን የሚያገናኝ መዝገብ ከፍቶ ብዙዎችን አገናኝቷል። ልጆቹም ራሳቸው መናገር ጀምረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በተለያዩ አገሮች ያደጉ ኢትዮጵያውያን የጉዲፈቻ ልጆች የጻፏቸው ጽሑፎች በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ወጥተዋል። ከዚያ በፊት ስለ እነርሱ የተናገሩት አሳዳጊ፣ ድርጅትና ባለሥልጣን ነበሩ።

ከዕገዳው በኋላ ያለው ክርክር

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለት ምሰሶ አቋሞች አሉ። የሃርቫርዷ የሕግ ምሁር ኤልዛቤት ባርቶሌት ተቋም ውስጥ ያለ ልጅ ድንበር ሳይለይ ቤተሰብ የማግኘት መብት አለው፣ በሙስና ምክንያት በሩን መዝጋት ልጁን መቅጣት ነው ይላሉ። ዴቪድ ስሞሊን የተባሉት ምሁር ደግሞ ገንዘቡ ራሱ ወላጅ ያለውን ልጅ በወረቀት ወላጅ አልባ አድርጎ የሚያቀርብ ሥርዓት ይፈጥራል ብለው ይሞግታሉ። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ የሕፃናት ፖሊሲ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2012 አፍሪካ የውጭ ጉዲፈቻ አዲስ ዒላማ መሆኗን በሪፖርት አስጠንቅቋል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 24 የውጭ ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። ተቀባዮቹም ላኪዎቹም አገሮች እያፈገፈጉ ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 አግዳ ኋላ ለማቆም ወሰነች፣ ቻይና በ2024 ዘጋች፣ በ2025 የስዊድን አጣሪ ኮሚሽን እንዲቆም መከረ። ቻይና በመጨረሻዎቹ ዓመታት የምትሰጣቸው ልጆች አብዛኞቹ የጤና ችግር ያለባቸው ስለነበሩ የመዝጋቱ ጥያቄ እኛ ዘንድ ካለው ጋር አንድ ነው።

በእኔ ዕይታ የ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዕገዳ ንግዱን በማቆሙ ትክክል ነበር፤ ለታመመው ልጅ ግን ምትክ ሳያዘጋጅ መጣ። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ እያደገ ነው፤ አዲስ አበባ ክበበ ፀሐይ የሕፃናት ማሳደጊያ ደጅ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን ባለትዳሮች መኖራቸው ደስ ያሰኛል። ጠባቂዎቹ በአብዛኛው የሚሹት ግን ጤነኛ ሕፃን ነው። ተቋም ውስጥ የሚቀረው ሕመምተኛው ነው፤ እሱን «የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው አንቀጽ ምንም አልሰጠውም።

የወሎ ሁኔታ ጉዳዩን ያከብደዋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን፣ ውጫሌንና ደሴን ሲያዳርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ ክትትል ላይ የነበሩ ልጆች መድኃኒት ተቋረጠባቸው። በአንድ ወቅት የሕፃናት መንደር የነበረባት ጃሪ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች መጠለያ ሆናለች፤ ከነርሱም መካከል ወላጆቻቸውን ያጡና ከዘመድ ጋር የተጠጉ ልጆች አሉ።

ይህ ሁሉ ባለበት አካባቢው ሌላ ነገርም ይዟል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የሐይቅ ወረዳ ተሁለደሬ ነበር። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት ይከፍላሉ፣ በመታወቂያው ላይ የሰፈረው ሁሉ ይታከማል። የታመመ የወንድሟን ልጅ ወይም የተፈናቃይ ልጅ ተቀብላ የምታሳድግ ሴት ያንን ልጅ ያለ ጭማሪ ክፍያ በመታወቂያዋ ላይ ብታሰፍር፣ ለደሴና ለአዲስ አበባ ሪፈር የመጓጓዣ ቢሸፈንላት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየወሩ ብትጎበኛት፣ ለብዙዎቹ ልጆች ጉዲፈቻ የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሣም ነበር። ወጪው ለአንድ ጉዲፈቻ ይከፈል ከነበረው 20,000 ዶላር ጋር አይወዳደርም።

ሳይፈቱ የቀሩት ነጥቦች ግን ብዙ ናቸው። ዕድሜ ልክ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ዘመድ ሲደክም ማን ይተካል? ልጅ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ሄዶ እንዲመለስ የሚያደርግ፣ የአሳዳጊነት መብት ግን የማያስተላልፍ ግልጽ የሕግ መንገድ መቼ ይዘረጋል? ከሁሉም የሚያስቸኩለው የፋይሉ ጉዳይ ነው። ጉዲፈቻ ያስፈጽሙ የነበሩ ድርጅቶች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ የልጆቹ የሕክምና ካርድ፣ የወላጅ ስም፣ የቀበሌ ደብዳቤ በየቢሮው ቀርቷል። እነዚያን ሰነዶች በአንድ መዝገብ ቤት ሰብስቦ፣ ያደገው ልጅም የወለደችው እናትም በመብታቸው እንዲያዩት የሚያደርግ ደንብ ያስፈልጋል። ዛሬ 20 ዓመት የሞላት፣ የልብ ቫልቭ የተቀየረላት የሐይቅ ልጅ ልጅ ለመውለድ ስታስብ ሐኪሟ ስለ እናቷ ጤና ይጠይቃታል፤ መልሱን የሚሰጣት መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ በሕግ ሊወሰን ይገባል።